«ፍቅር እስከ መቃብር» በቴሌቪዥን፤ ምን አየን? ምን ቀረብን?



በክረምቱ ዕረፍት ከየዩኒቨርሲቲው ወደ ላስታ የተመለስን ተማሪዎች ከጉባኤ በኋላ ስንጨዋወት ክርክር ተነሣ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ መሠራቱ ነበር ምክንያቱ። ገሚሶቻችን «መጽሐፉ ይበልጣል» አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ መጽሐፉን ሳናነብ ለሰብለ ወንጌል አለቀስን። ነገሩ በጨዋታ ብቻ እንዳይቀር ለዚህ እትም ጥናት አደረግነው።

1. የታሪኩ ጉዞ

ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን ሳይቀሩ በዛብህን እንደ ጎረቤት ልጅ አወቁት። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን «ጥቁር ፍቅር»ን የመሰሉ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ብዙ ቤተሰብ ከመስኮቱ ፊት ዋለ፤ «የራሳችን ታሪክ የት አለ?» የሚል ወቀሳም ተሰማ። እንግዲህ የራሳችን ታሪክ በመስኮት መምጣቱ መልካም ነው።

2. ዓይን የማያየው ስእለት

በዛብህ በሁለት እሳት መካከል የቆመ ሰው ነው። አንደኛው የፊታውራሪ መሸሻ የባላባት ኩራት ነው። ይህን ካሜራ ያሳየናል፤ ቤቱ፣ ልብሱ፣ ቁጣው ይታያል። ሁለተኛው ግን ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ገና በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ስእለት ነው። እርሱ ባልተናገረው ቃል ታስሮ አደገ። ይህ እሳት የሚነድደው በልብ ውስጥ ስለሆነ መጽሐፉ በብዙ ገጽ ይተርከዋል፤ በድራማ ግን ሁሉም በተዋናዩ ፊት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ተመልካቹ ለፍቅሩ አልቅሶ ስእለቱን ይረሳል።

ከመካከላችን አንዱ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ እንዲህ አለ፦ «እናቴ እኔን ስታምጥ ለይምርሐነ ክርስቶስ ተስላለች፤ ዲያቆን እንድሆን። እኔ ምህንድስና እማራለሁ። እስካሁን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላነሣሁባትም። የበዛብህ ነገር ለእኔ ድራማ አይደለም።» ሁላችንም ዝም አልን።

ሐና ሳሙኤልን ገና ሳትፀንሰው ተስላ ለቤተ መቅደስ ሰጠችው። ነገር ግን ሳሙኤል በሌሊት ሲጠራ የመለሰው በራሱ አንደበት ነው። የእናት ስእለት በር ይከፍታል፤ የሚገባው ግን ልጁ ነው። ወንድማችንም ከእናቱና ከንስሐ አባቱ ጋር በግልጽ ቢነጋገር ይሻላል አልነው። በዛብህ ያጣው እንዲህ ያለ ጊዜና የሚሰማው ሰው ነበር።

3. ድጋሚ መሥራት ነውር ነውን?

አይደለም። ለዚህም አገራችን ምስክር ናት። በዋሻው ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በእንጨትና በድንጋይ ተራ በተራ የተሠራ፣ የጥንቱን የአክሱም አሠራር የጠበቀ ነው። ወደ ላሊበላ ብንወርድ ቤተ አማኑኤል ያንኑ መልክ ይዞ ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍሏል። እንጨቱ የለም፤ የእንጨቱ መልክ ግን በአለቱ ላይ አለ። ሠሪዎቹ ቁሱን ለወጡ፤ ሥርዓቱን አልጣሉም። ከድራማ ሠሪ የምንጠይቀውም ይኸንኑ ነው፤ መስኮቱ ይለወጥ፣ የታሪኩ ሥር ግን አይነቀል።

ለእኛም የቤት ሥራ አለን። ድራማውን ያየን መጽሐፉን እናንብብ፤ መጽሐፉን ያነበብን ያላነበበውን አንናቅ።

ለውይይት፦

ሀ. በዛብህን የጎዳው ፍቅሩ ነው ወይስ ስእለቱ?
ለ. ወላጅ ስለ ልጁ ቢሳል ለልጁ መቼና እንዴት ሊነግረው ይገባል?
ሐ. ከምታዩት ድራማ ዓይን የማያየውን ምን ፈልጋችሁ አገኛችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።