ዘይት ከውኃ መስመር ሲገባ፦ የናፍጣ መኪና ማቀዝቀዣ ጽዳትና ሳይንሱ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያም ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬንና ካራቆሬን አቋርጦ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሆነችው ከከሚሴ ይደርሳል። ከከሚሴም የጨፋን ረግረግ እየታከከ በሐርቡ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ያመራል። የዞኑ ሌላዋ ከተማ ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌና ወደ ጂቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ስለሆነም ለዚህ አካባቢ ነዋሪ የጭነት መኪና የዘወትር እንግዳ ነው። መንገዱ ከቆላ ወደ ደጋ የሚያስወጣና መልሶ የሚያስወርድ በመሆኑም የሞተር ማቀዝቀዣ ሥርዓት ከሁሉ የበለጠ የሚፈተንበት ሥፍራ ነው።

በዚህ ሥርዓት ላይ ከሚደርሱት ብልሽቶች አንዱ የዘይት ማቀዝቀዣው (ኦይል ኩለር) ተበስቶ የሞተር ዘይት ከውኃው ጋር መደባለቁ ነው። የተበሳውን ክፍል መለወጥ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ በራዲያተሩ፣ በጎማ ቱቦዎቹና በሞተሩ የውኃ መተላለፊያዎች ላይ የተለጠፈውን ዘይት ማስወገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። ከወዲሁ አንድ ነገር እናስቀምጥ፤ ማጽጃ ዘይትን አያጠፋም፣ ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ በዚህ እውነት ላይ የተመሠረተ ነው።

ዘይትና ውኃ የሚጎራበቱበት ክፍል

የሞተር ዘይት ተግባር ማለስለስ ብቻ አይደለም፤ ከፒስተንና ከኩሽኔታ ሙቀት ተቀብሎ መሸሽም ነው። በትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች ዘይቱ የተሸከመውን ሙቀት ለማራገፍ በዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥ ያልፋል። በዚያም በስስ የብረት ግድግዳ በአንድ ወገን ዘይት፣ በሌላው ወገን ውኃ ይፈስሳል። ግድግዳው ሙቀት ያሳልፋል፤ ፈሳሽ ግን አያሳልፍም። ለዓመታት ተራ ውኃ ብቻ ሲጨመርበት የኖረ ሥርዓት ግድግዳው በዝገት ይበላል፤ ንዝረትና የሙቀት መፈራረቅም ብየዳውን ያደክማሉ፤ ማሸጊያ ጎማዎቹም ያረጃሉ።

ግድግዳው ሲበሳ ማን ወደ ማን ይፈስሳል? መልሱ በግፊት ልዩነት ይወሰናል። ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ የዘይቱ ግፊት በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ባር ሲሆን የውኃው ግን ከ1 ባር ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ዘይት ወደ ውኃው ይገባል። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ግፊት ወዲያው ይወድቃል፤ የጋለው ውኃ ግን ግፊቱን ለጥቂት ጊዜ ይዞ ስለሚቆይ በተራው ወደ ዘይቱ ይገባል። በራዲያተሩ አፍ ላይ የማኪያቶ መልክ ያለው ወፍራም አተላ የሚታየው፣ የዘይት መለኪያው ዘንግም አንዳንድ ጊዜ ነጣ ብሎ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳዩ ሌሎች ብልሽቶች አሉ። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ወይም ቴስታታው ሲሰነጠቅም ዘይትና ውኃ ሊገናኙ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውኃው ስለሚገባ ሞተሩ ሲሠራ በራዲያተሩ ውስጥ ያልተቋረጠ አረፋ ይታያል። የዘይት ማቀዝቀዣውን ለመመርመር ደግሞ ክፍሉ ይፈታል፤ የዘይት መስመሩ ተደፍኖ በአየር ይሞላና በሙቅ ውኃ ውስጥ ይነከራል። አየር ከወጣ ቀዳዳው ያለበት ቦታ ይታወቃል። ምንጩ ሳይታወቅና ሳይጠገን የሚደረግ ማንኛውም እጥበት ድካም ብቻ ነው።

ስስ የዘይት ንጣፍ ምን ያህል ይጎዳል?

በብረት ላይ የተለጠፈ ዘይት ዐይን ሲያየው እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም። ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። የብረት ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታ ወደ 50 ዋት በሜትር በኬልቪን ሲሆን የሞተር ዘይት ወደ 0.14 ብቻ ነው። 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የዘይት ንጣፍ ሙቀትን የሚከለክለው ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ብረት ነው?

0.1 × 50 ÷ 0.14 = 36 ሚሊ ሜትር ገደማ

ማለትም ከወረቀት ብዙም የማይወፍር ዘይት በሞተሩ የውኃ ግድግዳ ላይ 3.6 ሳንቲ ሜትር ብረት የመደረብ ያህል ይሆናል። ከዚህም ሌላ ውኃ በኪሎ ግራም በዲግሪ 4.2 ኪሎ ጁል ሙቀት ሲሸከም ዘይት የሚሸከመው ግማሹን ያህል ብቻ ነው።

አሁን መንገዱን እናስብ። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ በ1,400 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ሒሳቡን ለማቅለል የከፍታውን ልዩነት 1,000 ሜትር ብቻ እናድርገው። ከነጭነቱ 30 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት 30,000 × 9.8 × 1,000 = 294 ሚሊዮን ጁል ሥራ ይፈልጋል። ሞተሩ ከነዳጁ ኃይል 40 ከመቶውን ወደ ሥራ ቢለውጥ፣ 25 ከመቶው ደግሞ ወደ ማቀዝቀዣው ውኃ ቢሄድ፣ ውኃው የሚቀበለው ሙቀት 184 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ 580 ሊትር ያህል ውኃ ከ20 ወደ 95 ዲግሪ ሴልሲየስ ለማሞቅ ይበቃል። የመንገድና የአየር ግጭት በሒሳቡ አልገባም፤ ስለዚህ እውነተኛው መጠን ከዚህም ይበልጣል። ይህን ሁሉ ሙቀት ወደ አየር የሚያራግፈው በጥቂት ዐሥር ሊትሮች የሚቆጠር ውኃና አንድ ራዲያተር ነው።

ከፍታው ራሱም ሌላ ፈተና ይጨምራል። በግምት በየ300 ሜትሩ የውኃ መፍሊያ ሙቀት በ1 ዲግሪ ይቀንሳል። ክፍት በሆነ ዕቃ ውኃ በከሚሴ በ95፣ በደሴ በ92፣ በጣርማ በር በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን በውስጡ ግፊት ይዞ መፍሊያውን ከፍ የሚያደርገው ይህን ለመከላከል ነው። ነገር ግን በማቀዝቀዣ ሥርዓት ውስጥ የሚገኙ ብዙ የጎማ ዓይነቶች የማዕድን ዘይትን ሲመጥጡ ያብጣሉ፤ ይለሰልሳሉ። የክዳኑ ጎማ ሲበላሽ ግፊቱ ያመልጣል፤ ውኃውም ዳገቱ ላይ ይፈላል። ዘይቱ በአንድ በኩል ሙቀቱን ሲያፍን በሌላ በኩል መፍሊያውን ያወርዳል ማለት ነው።

ውኃ ብቻውን ለምን አያጸዳም?

የውኃ ሞለኪውል አንዱ ጫፉ በከፊል አዎንታዊ፣ ሌላው በከፊል አሉታዊ በመሆኑ ውኃ ከውኃ ጋር አጥብቆ ይያያዛል። የዘይት ሞለኪውል ረጅም የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለት ስለሆነ በዚህ ትስስር ውስጥ ቦታ የለውም። ሁለቱን የሚያስታርቀው ሁለት ጠባይ ያለው ሞለኪውል ነው። ራሱ ውኃን፣ ጅራቱ ዘይትን ይወዳል። ብዙ እንዲህ ያሉ ሞለኪውሎች ጅራታቸውን በዘይት ጠብታ ውስጥ ነክረው ራሳቸውን ወደ ውኃው ሲያዞሩ ጠብታው ከብረቱ ተላቅቆ በውኃ ውስጥ ይንሳፈፋል። ይህ ድብልቅ ኢመልሽን ይባላል። በሀገራችን ለልብስ ማጠቢያነት የኖረው እንዶድ በውስጡ ባለው ሳፖኒን የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው።

ታዲያ ማንኛውም ሳሙና ለሞተር ይሆናል? አይሆንም። የልብስ ማጠቢያ ዱቄትም ሆነ እንዶድ ብዙ አረፋ ያወጣሉ። አረፋ አየር ነው፤ አየር ደግሞ ሙቀት የሚያስተላልፈው ከውኃ ከ20 ጊዜ በላይ ባነሰ ሁኔታ ነው። የውኃ ፓምፑም አረፋን በሚገባ መግፋት አይችልም። በዚህም የተነሣ ሞተሩ ገና በሚታጠብበት ሰዓት ሊግል ይችላል። ተራ ሳሙና ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዝየም ከበዛበት ውኃ ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል። ኮስቲክ ሶዳ ዘይትን ቢያነሣም አሉሚኒየምን እየበላ ተቀጣጣይ የሆነውን ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ዘይትን ያሟሟሉ፤ ግን ጎማ ያበላሻሉ፣ በጋለ ሞተር ላይም እሳት ይጋብዛሉ። ስለዚህ የሚመረጠው ለማቀዝቀዣ ሥርዓት ተብሎ የተዘጋጀ፣ አረፋው አነስተኛ የሆነና የሞተሩ አምራች የሚፈቅደው ማጽጃ ነው።

የጽዳቱ ቅደም ተከተል

1. ሞተሩ በሚገባ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። የጋለ ራዲያተር ሲከፈት ግፊቱ በቅጽበት ስለሚወድቅ ውኃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

2. ብልሽቱ ይጠገናል። ውኃ የነካው የሞተር ዘይትና ፊልትሮው ይለወጣሉ፤ ውኃ በኩሽኔታ ላይ ያለውን የዘይት ንጣፍ ያሳጣልና።

3. ማጽጃ ከመግባቱ አስቀድሞ በላይ የተንሳፈፈው ዘይትና አተላ በእጅ ይጠለቃል፤ የቀረው ውኃ በንጹሕ በርሜል ይቀዳል። ይህ ተራ የሚመስል ደረጃ ለምን እጅግ አስፈላጊ እንደ ሆነ ወደ ኋላ እናያለን።

4. ሥርዓቱ በንጹሕ ውኃና በተመጠነ ማጽጃ ይሞላል። ቴርሞስታቱ ካልተከፈተ ውኃው በራዲያተሩ ስለማያልፍ ሞተሩ እስከ ሥራ ሙቀቱ ድረስ ይነሣል፤ የጋቢና ማሞቂያ ካለም ይከፈታል። ሙቀት ዘይቱን ያቀጥነዋል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል የሙቀት መለኪያው ሳይለይ እየታየ ይሠራል።

5. ሞተሩ ጠፍቶ ለማቃጠል በማይችልበት መጠን በረድ ሲል፣ ነገር ግን ለብ እንዳለ፣ ውኃው ይቀዳል። ጨርሶ ከቀዘቀዘ ዘይቱ ተለይቶ ከብረቱ ላይ ተመልሶ ይለጠፋል።

6. ከተቀዳው ውኃ ጥቂቱ በጠርሙስ ተደርጎ ለአንድ ሰዓት ይቀመጣል። በላዩ የዘይት ሽፋን ከታየ ወይም ውኃው እንደ ወተት ከደፈረሰ እጥበቱ ይደገማል።

7. በመጨረሻ በንጹሕ ውኃ ብቻ ደጋግሞ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ያበጡ የጎማ ቱቦዎች፣ ማሸጊያዎችና የራዲያተር ክዳን ይለወጣሉ። ከዚያም አምራቹ ባዘዘው መጠን ኩላንት ይሞላል። ውርጭ በሌለበት ቆላም ቢሆን ኩላንት ዝገትን ስለሚከላከልና መፍሊያውን ከፍ ስለሚያደርግ ይጠቅማል።

ስንት ጊዜ እናለቅልቅ? 40 ሊትር በሚይዝ ሥርዓት ውስጥ በቀዳን ቁጥር 8 ሊትር ወይም አንድ አምስተኛው ወደ ኋላ ይቀራል እንበል። ከመጀመሪያው ማለቅለቅ በኋላ ከቀሪው ማጽጃ 20 ከመቶ፣ ከሁለተኛው በኋላ 4 ከመቶ፣ ከሦስተኛው በኋላ 0.8 ከመቶ ይቀራል። የኬሚስትሪ ተማሪ የላቦራቶሪ ብርጭቆውን በጥቂት በጥቂቱ ደጋግሞ የሚያለቀልቀው በዚሁ ሕግ ነው።

የታጠበው ዘይት ወዴት ይሂድ?

ሞተሩ ጸዳ፤ ዘይቱ ግን አልጠፋም። አሁን በበርሜል ውስጥ አለ። በከሚሴ አካባቢ ይህ ጥያቄ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የቦርከና ወንዝ ከኮምቦልቻ ወርዶ የጨፋን ረግረግ እያጠጣ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል። በበጋ ወራት ጨፋ የአካባቢው አርብቶ አደሮች፣ ከአፋር ቆላ የሚመጡትም ጭምር፣ ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ለምለም ግጦሽ ነው።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1774 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ከሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ዘይት በአንድ የእንግሊዝ ኩሬ ላይ ወደ 2,000 ካሬ ሜትር በሚጠጋ ስፋት መሠራጨቱን ገልጿል። አንድ ሊትር ዘይት በአንድ ሺሕኛ ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢነጠፍ እንኳ 1,000 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ በአየርና በውኃ መካከል ያለውን የኦክስጅን ልውውጥም ያውካል። የኩላንት ዋና ክፍል የሆነው ኢታይሊን ግላይኮል ደግሞ ጣዕሙ ጣፋጭ ሲሆን በሰውነት ውስጥ ወደ ኦክሳሊክ አሲድ ተለውጦ ኩላሊትን ይጎዳል። የተጠማ ከብት ወይም ውሻ ከተደፋበት ጉድጓድ ቢጠጣ ሊሞት ይችላል።

ማጽጃውስ? በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ስመ ጥር ለሆነው የቢልሃርዚያ መከላከያ ምርምር መነሻ ሆኗል። ያ ትዝብት ለሕክምና በጎ ፍሬ ቢያፈራም ሌላ ትምህርትም ይዟል፤ የሚያጥብ ነገር ሥራው ከልብሱ ላይ አያበቃም፣ ከወንዙ ጋር ወርዶ ከሌላ ፍጡር ይደርሳል።

ሦስተኛው የጽዳት ደረጃ ለምን አስፈላጊ እንደ ሆነ አሁን ግልጽ ይሆናል። ከማጽጃ ጋር ያልተደባለቀ ዘይት በላይ ስለሚንሳፈፍ በቀላሉ ይለያል። ኢመልሽን ከሆነ በኋላ ግን ጠብታዎቹ እጅግ ስለሚደቅቁ በቀላሉ አይንሳፈፉም፤ በጋራዥ የሚሠራ የዘይት መለያ ገንዳም ያሳልፋቸዋል። ስለዚህ ማጽጃ ሳይገባ በእጅ የወጣው እያንዳንዱ ሊትር በኋላ ከሚመጣ ብዙ ሊትር ብክለት ያድናል። የተጠለቀው ዘይት፣ የማጽጃው ውኃና አሮጌው ኩላንት በተለያዩ፣ ክዳንና ምልክት ባላቸው በርሜሎች ተቀምጠው ለሚመለከተው ተረካቢ ሊሰጡ ይገባል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ያዝዛል።

ማጠቃለያ

የማቀዝቀዣ ሥርዓትን ከዘይት ማጽዳት የፊዚክስም የኬሚስትሪም ሥራ ነው። ግፊት ዘይቱ ወዴት እንደሚሄድ፣ የሙቀት ሕግ ምን እንደሚጎዳ፣ የሞለኪውል ጠባይ በምን እንደሚነሣ ያስረዳሉ። የቁስ አለመጥፋት ሕግ ደግሞ ከሞተሩ የወጣው የት እንደ ደረሰ እንድንጠይቅ ያስገድደናል። መኪናው ዳገቱን በሰላም ወጥቶ ወንዙ ቢበከል ጽዳቱ አልተፈጸመም።

መልመጃ

ሀ) የዘይቱ ንጣፍ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስንት ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ብረት ጋር ይተካከላል?

ለ) በእያንዳንዱ ቅጂ አንድ አራተኛው ወደ ኋላ የሚቀር ከሆነ ቀሪው ማጽጃ ከ1 ከመቶ በታች እንዲወርድ ስንት ጊዜ ማለቅለቅ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ሀ) 71 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ ለ) 4 ጊዜ።