ስለ ማገጥና ስለ ጠጉራም ንብ

ከእንግሊዝ አገር ወጥተው በኒው ዚላንድ ደሴቶች የሰፈሩ ገበሬዎች ለከብቶቻቸው መኖ ቀይ ማገጥ ዘሩ። ማገጡም በቀለ፥ አበበም፤ ዘሩ ግን እጅግ ጥቂት ሆነ። የአበባው ጕሮሮ ጠባብና ረዥም ስለ ሆነ፥ የማር ንብ ምላስ ከግርጌው ካለው ጣፋጭ ውሃ በደኅና አይደርስም ነበርና። ምላሱ ረዥም የሆነው ጠጉራም ንብ ደግሞ በዚያ አገር አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ይህ ንብ ከእንግሊዝ በመርከብ ተወሰደ፤ ከአበባ ወደ አበባ ሲዞርም በጠጉሩ የያዘውን የአበባ ዱቄት አደረሰ፤ ማገጡም ብዙ ዘር ሰጠ።

በእንግሊዝ አገር ግን የአበባው መስክ እየታረሰ ስላለቀ፥ ከጠጉራም ንቦች አንዱ ወገን ከ1988 በኋላ አልታየም፤ በ2000 ከአገሩ ጠፋ ተባለ። በ2012 ገበሬዎች አስቀድመው አበባ ከዘሩ በኋላ፥ ንግሥቶቹ ከስዊድን መጥተው ተለቀቁ። በቸልታ የጠፋውን ለመመለስ ብዙ ድካም ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያም የኑግ አበባ ንብ ካልጐበኘው ፍሬው ያንሳል። እንግዲህ ገበሬ የድንበሩን አበባ አይፍጀው፤ በአበባም ጊዜ መርዝ አይርጭ። ታናሹን ፍጥረት የናቀ ሰው፥ በእርሱ ድካም የሚያገኘውን እንጀራ እንደ ናቀ ይቈጠራል።