ግብፅ ለደረሰሽ ልጄ

ልጄ፣ በትምህርት ቤታችሁ የተባበሩት መንግሥታት ስብሰባ ልምምድ (ሞዴል ዩኤን) የህዳሴው ግድብ አጀንዳ ሆኖ፣ አንቺ ግብፅን እንድትወክዪ ዕጣ ወጥቶብሽ ማኩረፍሽን እናትሽ ነገረችኝ። እኔስ ደስ ብሎኛል። ከአዳራሹ ሁሉ የሚከብደው ወንበር እሱ ነው።

1. የግብፅን ጉዳይ ግብፃዊ እንደሚያቀርበው አድርገሽ ያዢው። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን ተፈራርመው ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የዓባይ ውሃ በዓመት ደለደሉ፤ ኢትዮጵያ በስምምነቱ የለችበትም። ኢትዮጵያን የወከለው ልጅ ይህችን ነገር ማንሣቱ አይቀርምና መልስሽ ከወዲሁ ይሰናዳ። ሐምሌ 1 ቀን 2013 በጸጥታው ምክር ቤት የያኔው የግብፅ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሜህ ሹክሪና የእኛው የውሃ ሚኒስትር ዶክተር ስለሺ በቀለ በአንድ ስብሰባ ተናግረዋል፤ ቪዲዮው ይገኛል። የእኛን ሰው ብቻ ሰምተሽ እንዳትዘጊው። ሹክሪ ጉዳዩን የህልውና ያደርገዋል፤ ስለሺ ደግሞ ይህ የልማት ሥራ ነው፣ የምክር ቤቱ አጀንዳ አይደለም ይላል። አንድ ግድብ በሁለት አፍ ሁለት ነገር ሲሆን ታያለሽ። ይህን የሰማ ተናጋሪ ሌላውን በስድብ አይመልስም።

2. «እኔ» አትበዪ። «ግብፅ ትጠይቃለች» በዪ። መጀመሪያ አፍሽ ላይ ይጎረብጣል፤ ትለምጂዋለሽ።

3. የሚሰጥሽ አንድ ደቂቃ ነው እንበል። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ክቡራን ልዑካን» ይበቃል። ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ፣ በዚህ ታላቅ መድረክ ስለተገኘሁ እያሉ ማመስገን የእኛ አገር ስብሰባ አመል ነው፤ ሩብ ደቂቃሽን ይበላዋል። የምትፈልጊውን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገሪ፦ ግድቡ በድርቅ ዓመት ስንት ውሃ ይልቀቅ፣ በምን ዓይነት ስምምነት። ምክንያቱን አስከትዪ። ሰዓት ይዘሽ ጮክ ብለሽ አንብቢውና ከደቂቃው ካለፈ ቃል ቁረጪ እንጂ አታፍጥኚ። ከዚያ ወረቀቱን ትተሽ አራት አምስት ቃል ብቻ በትንሽ ካርድ ጻፊ። ወረቀት ላይ ያቀረቀረ ልዑክ ማን ራሱን እንደነቀነቀለት አያይም፤ ራሱን የነቀነቀው ደግሞ ከንግግሩ በኋላ በጣም ያስፈልግሻል።

4. ሲያቋርጡሽ ዝም ብለሽ ቁሚ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ጃንሆይ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ሊናገሩ ሲነሡ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ረበሿቸው። ረባሾቹ እስኪወጡ በትዕግሥት ጠበቁ፣ ከዚያ በአማርኛ ንግግራቸውን አደረጉ። ፉጨቱ የጎዳው ፉጨተኞቹን ነው። አንቺን የሚገጥምሽ ቢበዛ «ሥነ ሥርዓት!» የሚል ልጅ ነው፤ መልሱ የሰብሳቢው ሥራ ነውና አትሟገቺው።

5. ድምፅ የሚሰበሰበው በኮሪደር ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 በአፍሪካ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው ንግግሮቹ ስላማሩ ብቻ አልነበረም፤ የአፍሪካ አገሮች በካዛብላንካና በሞንሮቪያ ቡድኖች ተለያይተው ሳለ እንደ ከተማ ይፍሩ ያሉ ዲፕሎማቶች አስቀድመው አንዱን ከሌላው ሲያቀራርቡ ከርመዋል። ስለዚህ በንግግርሽ የሌላን አገር ሐሳብ አገሩን በስም ጠርተሽ አንሺ፤ «ሱዳን የግድቡ መረጃ በየጊዜው ይድረሰን ማለቷን ግብፅ ትደግፋለች» ብትዪ፣ ዕረፍት ሲሆን የሱዳን ልዑክ ራሱ ይመጣልሻል። እንዲያውም አትጠብቂው። ሱዳን የደረሰው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂና ከስብሰባው በፊት ሻይ ጋብዢው።