እንቅልፍ ያሳጣኝ ፈተናው ነው ወይስ ጫቱ?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ፈተና ሲቃረብ ልቤ በኃይል ይመታል፤ ያነበብኩትም ይጠፋብኛል። የዶርም ጓደኞቼ ሲመክሩኝ ለጥናት ብዬ ጫት ጀመርኩ፤ አሁን ጭራሽ እንቅልፍ አጣሁ። የቤተሰቤ ተስፋ እኔ ነኝ። ምን ይሻለኛል?
አ.፣ ከጅማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ናቸው። ሰውነት ሲሰጋ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያመነጫል። ይህ ለአጭር ጊዜ ያነቃል፤ ለሳምንታት ሲዘልቅ ግን ትኩረትንና ትውስታን ያውካል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው፤ ድካምዎን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም። ምርቃናው ሲያልፍ ድብርትና ዱካክ ይከተላሉ። ያጠኑት በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ስለሆነ፣ ሌሊቱን ቅመው ያነበቡትን ጠዋት ቢያጡት አይግረምዎ።

ስለዚህ ጫቱን ቢተዉ እመክራለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካምና ብስጭት ስላላቸው በፈተናው ዋዜማ ሳይሆን አሁን ይጀምሩ። ቡናም የሚጠጡ ከሆነ ከምሳ በኋላ ይተዉት። ማስታወሻዎን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ደብተሩን ዘግተው የያዙትን በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የቆዩ ፈተናዎችንም ይሥሩ። የቤተሰብዎ ተስፋ ሆነው ሳለ እውነተኛ ውጤትዎን ለእነሱ መናገር ይከብዳል፤ ቢሆንም ከሚያምኑት አንድ ሰው፣ ከታላቅ እህት ወይም ከአጎት፣ ቢጀምሩ ይቀልልዎታል።

ጭንቀቱ ወይም ድብርቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም ክፍል መግባት ካቃተዎት ወደ ግቢው ክሊኒክ ይሂዱ፤ ጫት መቃምዎንም ሳይደብቁ ይንገሯቸው። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰሙ፣ ሰው ሁሉ የሚከታተልዎ ከመሰለዎት ወይም ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ብቻዎን አይሁኑ፤ በዚያው ዕለት ከጓደኛ ጋር ሆስፒታል ይድረሱ።