ሳልሽ አልለቅ ሲልሽ

ውድ እህታችን፣ ጉንፋኑ ለቆሽ ሳሉ ግን ቀርቶብሽ ያውቃል? ደረት የሚያቃጥል፣ አክታ የሚያመጣ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ሳል ብዙ ጊዜ ብሮንካይተስ ነው። ይህ ሕመም አየር ወደ ሳንባ የሚያደርሱት ቧንቧዎች ተቆጥተው ሲያብጡ ይመጣል።

ምን ያመጣዋል?

አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ቫይረስ ነው። ስለዚህ አሞክሳሲሊንና የመሳሰሉት አንቲባዮቲኮች ብዙ ጊዜ አይረዱም፤ ከጓደኛ የተረፈ ኪኒን አትዋጪ። አቧራ፣ የሲጋራና የቡኹር ጭስ፣ የበረኪና ሽታም ሳሉን ያባብሱታል።

ተጠንቀቂ፦ በረኪናን (ክሎርን) ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅዪ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፤ ተራ ማስክም አያግደውም። ስታጸጂ መስኮት ክፈቺ።

ወጥ ቤት ውስጥ ያለ እርዳታ

ቫይረሱን የሚገድል ቅጠል የለም። ሰውነትሽ ራሱ እስኪያሸንፈው ድረስ ግን እነዚህ ሳሉን ያቀሉልሻል፦

• ውኃና ትኩስ ነገር ቶሎ ቶሎ ጠጪ፤ አክታውን ያቀጥነዋል።
• ከመኝታ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ማር በሻይ ውሰጂ። የምትጠብቂው ሕፃን 1 ዓመት ካልሞላው ግን ማር አታቅምሺው፤ ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል።
• ዝንጅብል በሎሚ አፍልተሽ ጠጪ። ጦስኝ ብታጪ፣ በዓረብ ቤት የማይጠፋው የዛዕተር ቅጠል የጦስኝ ዘመድ ነው።
• ጉሮሮሽ ከከረከረሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጠሽ ተጉመጥመጪ።
• ሙቅ ሻወር ከፍተሽ እንፋሎቱን ተንፍሺ። የፈላ ውኃ ላይ ተደፍተሽ አትታጠኚ፤ ብዙ ሰው ይቃጠልበታል።

ሐኪም ዘንድ መቼ?

ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ደም ያለበት አክታ ከወጣሽ አንድ ቀንም አትጠብቂ። ከፍተኛ ትኩሳት ከ3 ቀን በላይ፣ ሳሉም ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ መመርመር አለብሽ። አስም ካለብሽ ወይም እርጉዝ ከሆንሽ ቀደም ብለሽ ታዪ። ሌሊት ላብ ካጠመቀሽና ከከሳሽ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል።

«ወደ አገሬ ይመልሱኛል» የሚለው ፍርሃትሽ ይገባናል። ነገር ግን የሳንባ ነቀርሳ እንኳ በመድኃኒት ይድናል፤ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል። ተደብቆ ሲቆይ ግን አንቺንም አቅፈሽ የምታስተኚውንም ልጅ ይጎዳል።

ለማዳም እንዲህ በዪ

ዒንዲ ሱዓል — ሳል አለብኝ
ዒንዲ ሐራራ — ትኩሳት አለብኝ
ዒንዲ ዲቅ ነፈስ — ትንፋሽ ያጥረኛል
ላዚም ዱክቱር — ሐኪም ያስፈልገኛል

እንቢ ካለችሽ ለቆንስላው ወይም ለምታምኛቸው ሰዎች ደውዪ። መታመም ጥፋት አይደለም፤ መታከምም ልመና አይደለም።

እንወያይ፦ አንዲት እህታችን ለአንድ ወር እያሳለች ብትደብቅ ምን ብለን እንመክራታለን? ማንስ አብሯት ይሂድ?