ከዕቁብ እስከ አክሲዮን፤ የገንዘብ ሒሳብ ተንታኝ ምን ሊያውቅ ይገባዋል?



በዚህ ዕትም ስለ አንድ ለአገራችን አዲስ ስለሆነ ሙያ እንነጋገራለን። ሙያው በውጭ አገር «ኳንት» በሚል አጭር ስም ይጠራል፤ እኛ የገንዘብ ሒሳብ ተንታኝ ብንለው የሚስማማ ይመስለናል። ሥራውም የአክሲዮን፣ የቦንድ፣ የብድርና የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ዛሬ ስንት ሊሆን እንደሚገባው፣ ነገም ምን ያህል ከፍና ዝቅ ሊል እንደሚችል በሒሳብና በኮምፒዩተር መገመት ነው። ለሙያው መሠረት ከጣሉት ጽሑፎች አንዱ ፈረንሳዊው ሉዊ ባሸልዬ እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ነው።

«ይህ ለእኛ አገር ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ሩቅ አይደለም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር፣ ለሕዝብ ሽያጭ አቀረበ። አንድ ሰው ሊገዛ የሚችለው ትንሹ መጠን 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ መጀመሩ ተበሠረ፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። እንግዲህ በኮልፌ ቀራንዮ ጉልት ይዛ ልጆች ለምታስተምር እናት 9,900 ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። የዚህ ዓይነቱን ሰነድ ዋጋ ነገ ከሚገምቱት መካከል ዛሬ ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል የሚቀመጡ ይኖራሉ። ስለዚህ ሙያው ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ መመርመር ይገባናል። ትምህርቱንም ከሰፈራችን ከኮልፌ እንጀምር።

አንደኛ፤ ሒሳብ

አጠና ተራ አካባቢ 10 ነጋዴዎች ዕቁብ ጣሉ እንበል። እያንዳንዱ በየወሩ 1,000 ብር ያዋጣል፤ ባለዕጣውም 10,000 ብር ይወስዳል። ሁሉም የሚያዋጡትም የሚወስዱትም እኩል ስለሆነ ማንም አልተጎዳም ሊባል ይችላል። ነገር ግን ገንዘብ ጊዜ አለው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የፖሊሲ ወለድ ብሎ ያወጣውን 15 ከመቶ ለመለኪያ ብንወስድ በወር 1.25 ከመቶ ይሆናል። የመጨረሻው ባለዕጣ ከ9 ወር በኋላ የሚያገኘው 10,000 ብር በመጀመሪያው ዕጣ ቀን ሲመዘን 8,942 ብር ገደማ ብቻ ነው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ባለዕጣ መካከል 1,058 ብር ልዩነት አለ ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን በቀመር ባይጽፉትም ያውቁታል፤ ተራውን በዕጣ የሚለዩት፣ የቸገረውም ቀድሞ የወጣለትን ለምኖ ዕጣ የሚገዛው ስለዚህ ነው።

ይህን ስሌት ከዕቁብ ወደ ቦንድና ወደ አክሲዮን ለማሻገር ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲና ስታትስቲክስ ያስፈልጋሉ። እነዚህን ለፈተና ሸምድዶ ማለፍ አይበቃም፤ ቀመሩ ከየት እንደመጣ በባዶ ወረቀት ላይ አውጥቶ ማሳየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ቀመሩ ምን ብሎ እንደተነሣ ማወቅ

ወደ ዕቁባችን እንመለስ። ከመጨረሻው በፊት ዕጣ የሚወጣላቸው 9 ሰዎች አሉ። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዳቸው ገንዘቡን ወስደው መክፈል የማቆማቸው ዕድል 5 ከመቶ ነው እንበል። አንድም ሰው ሳያጓድል ዕቁቡ የመጠናቀቁ ዕድል 0.95 በራሱ 9 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው፣ 63 ከመቶ ገደማ ነው።

ስሌቱ ትክክል ነው፤ ግን በውስጡ አንድ የተሸሸገ ግምት አለ። ይኸውም እያንዳንዱ ሰው የሚያጓድለው በየግሉ ምክንያት ብቻ ነው የሚል ነው። አጠና ተራ ግን ሁሉም የሚሸጠው ለግንባታ ነው። ሲሚንቶ ጠፍቶ ግንባታ ቢቆም የአንዱ ገበያ ብቻ አይቀዘቅዝም። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል፤ ሃምሳው ባንድ ቀን ከታመሙ ግን ሎሚው መሬት ላይ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለምን ላናወጠው የገንዘብ ቀውስ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ስሕተት ነበር። በአሜሪካ እጅግ ብዙ የቤት ብድሮች ባንድ ላይ ተጠቅልለው ሲሸጡ፣ ብዙዎቹ ባንድ ጊዜ የመበላሸታቸው ዕድል ከልክ በላይ አንሶ ተገምቶ ነበር። የቤት ዋጋ በመላ አገሪቱ ሲወድቅ ብድሮቹ በጅምላ ተበላሹ። የዕቁብ ዳኛ ገንዘብ ከማስረከቡ በፊት ተያዥ አምጣ ሲል፣ ተያዡም ከሌላ ሥራ ቢሆን ሲመርጥ፣ ያንን አደጋ እየለካ ነው።

ሦስተኛ፤ መረጃን መጠርጠር

ከ2016 ዓ.ም. በፊት በነበሩት ዓመታት የዶላር የባንክ ዋጋ በየቀኑ በጥቂት ሳንቲም ብቻ ይጨምር ነበር። አንድ ተማሪ ያንን አሃዝ ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ «ነገ ከ1 ከመቶ በላይ የመለወጡ ዕድል ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ከምንም የማይቆጠር» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ ግን ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ከሳንቲም ወደ 74 ብር ከሳንቲም ዘለለ። ይህም 30 ከመቶ ነው።

ኮምፒዩተሩ አልዋሸም፤ የቀረበለት መረጃ ግን የገበያ ዋጋ ሳይሆን በአስተዳደር የተወሰነ ዋጋ ነበር። ወደ ኋላ ርቆ ያየ ሰው በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር ባንድ ጊዜ 15 ከመቶ እንዲቀንስ መደረጉን ያገኝ ነበር። ጆሮውን ወደ ጥቁር ገበያ ያዘነበለም በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለውን ሰፊ ገደል ይሰማ ነበር። ስለዚህ ተንታኝ ፓይተንና ኤስኪውኤል የተባሉትን የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ይማር፤ ከዚያ በፊት ግን አሃዙን ማን መዘገበው፣ ስለምን መዘገበው፣ ያልተመዘገበውስ የት አለ ብሎ ይጠይቅ።

አራተኛ፤ አንደበትና ጠባይ

ስሌቱን የሚረዳው ተንታኙ ብቻ ከሆነ አደጋ ነው። ውሳኔ የሚሰጡት የባንክ ኃላፊዎች፣ ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡትም ቆጣቢዎች ናቸው። የሠራነውን ለእናታችን በአማርኛ ማስረዳት ካልቻልን እኛም ገና አልገባንም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን «እዚህ ላይ ቀመሬ አይሠራም» ለማለት መድፈር ነው። አለቃ የሚወደውን አሃዝ አስልቶ ማቅረብ ቀላል ነው፤ ብዙ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ውሸትን በቀመር አስውቦ የማቅረብ ኃይል አለው። የጉልቷ እናት ያንን ቀመር የምትመረምርበት መንገድ የላትም። ያላት መከታ የእኛ ሐቀኝነት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ የሒሳብና የስታትስቲክስ ተማሪ የኢኮኖሚክስን፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪም የኮምፒዩተርን ክፍል በር ያንኳኳ። ሳንተባበር የምንማረው ትምህርት ለዚህ ሙያ አያበቃንም።

መልመጃ፤ 20 ሰዎች በየወሩ 500 ብር የሚያዋጡበት ዕቁብ አለ። ወለዱ እንደ ላይኛው ቢሆን የመጨረሻው ባለዕጣ 10,000 ብር በመጀመሪያው ዕጣ ቀን ሲመዘን ስንት ነው? ሃያውም ያንድ ገበያ ነጋዴዎች ቢሆኑ፣ ዳኛው ስለ ተያዥ ምን ደንብ ሊያወጣ ይገባዋል? መልሱን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣለን፤ የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ግን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ የዕቁብ ዳኛ ጠይቁ።