አባ ተስፋ ጽዮን፦ የላቲን ዕውቀትና የሮማው ግእዝ ሐዲስ ኪዳን

መግቢያ

አባ ተስፋ ጽዮን በኢትዮጵያ የጽሑፍ ታሪክ የሚታወቁት የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን ለመጀመሪያ ጊዜ በማሳተማቸው ነው። የላቲን ሊቅነታቸው ግን ብዙ ጊዜ በግርጌ ማስታወሻ ይታለፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሊቁን ሕይወትና ሥራ ከተመለከተ በኋላ፣ የላቲን ዕውቀታቸው በኅትመቱ ንባብ ላይ የተወውን አሻራ ያሳያል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወት

አባ ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ፤ አውሮፓውያን «ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ» ይሏቸዋል። የኢማም አሕመድ ጦርነት አገሪቱን ባወከበት ዘመን፣ በ1530ዎቹ፣ በኢየሩሳሌም በኩል ወደ ሮማ ተሻገሩ። ማረፊያቸው ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሚገኘው የኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ቤት፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነበር። በዚያ ሲኖሩ ላቲንን ጠንቅቀው ያወቁ ሲሆን፣ የጳጳሱን የጳውሎስ 3ኛንና በኋላ ራሳቸው ጳጳስ የሆኑትን የካርዲናል ማርቼሎ ቼርቪኒን ድጋፍ አግኝተዋል። ያረፉትም እዚያው ጣሊያን ውስጥ፣ ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ሳሉ ነው።

ሥራዎች

ከእርሳቸው በፊት በግእዝ ታትሞ የነበረው መጽሐፍ በ1513 በሮማ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ከገዳም ወንድሞቻቸው ከተንሥአ ወልድና ከዘሥላሴ ጋር ሐዲስ ኪዳንን ከቅዳሴ ጋር በ1548 እና በ1549 አሳተሙ። ፊደል ለቃሚዎቹ ግእዝ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ አዘጋጆቹም የኅትመት ሙያ አልነበራቸውም። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። በ1549 ደግሞ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀትና የቅዳሴ ሥርዓት በላቲን ተተርጉሞ ወጣ። ግእዝን ከእርሳቸው የተማረው ማሪያኖ ቪቶሪም በ1552 የመጀመሪያውን የግእዝ ሰዋስው በላቲን አሳተመ።

የሐዋርያት ሥራ ጥያቄ

የላቲን ዕውቀታቸው ይበልጥ የሚመዘነው በግብረ ሐዋርያት ላይ ነው። በእጃቸው የነበረው የግእዝ ቅጂ ጎደሎ ስለ ነበረ አዘጋጆቹ የመጽሐፉን አብዛኛውን ክፍል ሮማ ላይ ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግእዝ መለሱት፤ ይህንንም አልሸሸጉም፣ በኅትመቱ ውስጥ በግልጽ አስታወቁ።

ማስታወቂያው ግን እንደ ንባቡ ሩቅ አልተጓዘም። የሮማው ንባብ በ1657 በተጠናቀቀው በለንደኑ የብራያን ዋልተን ባለ ብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ዳግመኛ ታተመ፤ በዚህም በአውሮፓ የግእዝ ሐዲስ ኪዳን ወካይ ሆኖ ቆየ። አደጋው እዚህ ላይ ነው። በግብረ ሐዋርያት ውስጥ ግእዙ ከላቲኑ ጋር ሲስማማ ያየ ተመራማሪ፣ ሁለቱ ትርጉሞች ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ የተቀዱ ሊመስሉት ይችላሉ። በእርግጥ ግን የሚያነበው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከላቲን የተመለሰ ግእዝ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ስምምነት በኢትዮጵያ የብራና ቅጂዎች ካልተረጋገጠ በቀር ምስክርነቱ ላቲንን በላቲን መመስከር ይሆናል።

ማጠቃለያ

የአባ ተስፋ ጽዮን ሥራ በአንድ በኩል የግእዝን መጻሕፍት ለዓለም የከፈተ ነው፤ በሌላ በኩል የላቲን ንባብ ወደ ግእዝ የገባበት በር ነው። ሁለቱን ለይቶ ለማየት ሁለቱንም ቋንቋ ማወቅ ያስፈልጋል። የሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ (1681) እና የአውግስጦስ ዲልማን የግእዝ መዝገበ ቃላት (1865) የተጻፉትም በላቲን ነው። ስለዚህ በግእዝ ጥናት ለሚሠማራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ላቲን ከራሱ ቅርስ መንገድ ላይ የሚያገኘው ቋንቋ ነው፤ ይህን መንገድ ከ4 መቶ ዓመታት በላይ ቀድሞ የሄደበትም አንድ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነው።